ቲማቲም ይገረዝ ወይስ ይተው?

በጓሮው ወይም በበረንዳው ቲማቲም የተከለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሁለት የሚጋጩ ምክሮች ይደርሱታል። አንዱ ከስልኩ ይመጣል፦ ጓንት ያጠለቀ ሰው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቆሞ ከቅጠሉ ብብት የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ እየቀነጠሰ ሲጥል፣ ተክሉም በአንድ ግንድ እስከ ጣሪያ ተስቦ ሲወጣ ያሳየዋል። ሌላው ከአጥር ወዲያ ይመጣል፦ «ምን ያስቸኩልሃል ልጄ፣ እንጨት አስደግፈውና ተወው፤ የቆረጥከው ሁሉ ፍሬ ነው» የሚል የጎረቤት ምክር። ሁለቱም ከልምድ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው። ሰዎቹ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ዓይነት ተክል አይደለም። በዚህ ዳሰሳ የማነሣውም ይኸንኑ ነው፦ የትኛው ቲማቲም ይገረዛል፣ የትኛው አይነካም፣ ድጋፉስ በእኛ አየርና በእኛ ኪስ እንዴት ይሁን?

ነገሩ የሚጀምረው ከዘሩ ነው። ቲማቲም በአስተዳደጉ በጥቅሉ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ረጅሙ ነው፤ ግንዱ በየሦስት ቅጠሉ ገደማ አንድ የአበባ ዘለላ እያወጣ፣ ብርድ ወይም በሽታ እስኪያስቆመው ድረስ ማደጉን አይተውም። ከተመቸው ከሰው ቁመት ያልፋል። ሁለተኛው አጭሩ ነው፤ ጥቂት ዘለላዎች ካወጣ በኋላ የግንዱ ጫፍ ራሱ አበባ ይሆንና እድገቱ እዚያው ያበቃል። ከዚያ የጎን ቅርንጫፎች ተረክበው ያፈራሉ፤ እነሱም በተራቸው በአበባ ይዘጋሉ። ምርቱም በተቀራረበ ጊዜ ይደርሳል። ይህ ጠባይ የመጣው በ1914 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፍሎሪዳ በአጋጣሚ ከታየ አንድ የዘረመል ለውጥ ነው። በአንድ ጊዜ የሚለቀም፣ ብዙ እንጨት የማይጠይቅ የፋብሪካ ቲማቲም ሲፈልጉ ለነበሩ አዳቃዮች ትልቅ ሲሳይ ሆነላቸውና በዓለም ዙሪያ በተሰራጩት የመስክ ዝርያዎች ውስጥ ገባ።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከረጅሙ ላይ የጎን ቀንበጥ ቢቀነጠስ ዋናው ግንድ ዘለላ ማውጣቱን ይቀጥላል። በአጭሩ ላይ ግን አብዛኛው ፍሬ የሚንጠለጠለው በእነዚያው የጎን ቅርንጫፎች ላይ ነው። ቪዲዮ አይቶ አጭሩን ቲማቲም በአንድ ግንድ ያስቀረ ሰው ጥቂት ዘለላ ለቅሞ «ቆመብኝ» ይላል። ተክሉ አልታመመም፤ የሚያፈራበት ተወስዶበት ነው።

አገራችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ በብዛት የተዘራው ደግሞ አጭሩ ነው። በየዘር መሸጫው በቀላሉ የሚገኘው ሮማ ቪኤፍ በአሜሪካ የወጣ፣ ቁጥቋጦ የሚሠራ፣ ለሳልሳ የሚመች ዝርያ ነው፤ በስሙ ላይ የተለጠፉት ሁለት ፊደላት ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የሚባሉትን የአጠውልግ በሽታዎች መቋቋሙን ያመለክታሉ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የለቀቃቸው መልካ ሳልሳና መልካ ሾላም የታሰቡት ለመስክ እርሻና ለማቀነባበሪያ ነው። ይህ አያስደንቅም፤ የቲማቲም እርሻችን የተስፋፋው በአዋሽ ዳርቻ፣ በቆቃ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ በሚለማ ሰፊ መሬት ላይ ነው፤ የመርቲ ፋብሪካም ለሳልሳው የሚፈልገው ያንኑ ዓይነት ፍሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከውጭ የሚመጡ ዲቃላ ዝርያዎች፣ ማኒሜከርን የመሰሉ ረጃጅሞችና ልዩ ልዩ ቼሪ ቲማቲሞች በትንንሽ ፓኬት እየገቡ ነው። የሌማት ትሩፋት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በከተማው ጓሮ ያለው ተካይ በዝቷል። በአንድ ሰፈር ሁለት አጥር ለአጥር የሚተያዩ ጓሮዎች ሁለት የተለያየ ጠባይ ያለው ቲማቲም ይዘው ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፓኬቱ ከጠፋ ወይም ችግኙ ከገበያ የተገዛ ከሆነ ተክሉን ራሱን ማየት ነው። አበባ መታየት ከጀመረ በኋላ ከአንዱ ዘለላ እስከ ሌላው ያሉትን ቅጠሎች ቁጠሩ። ሦስት ሦስት እየሆኑ ከሄዱና ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ለጋ ቅጠል ካለ፣ ረጅሙ ነው። በሁለት ዘለላዎች መካከል አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ካለ፣ ይልቁንም ጫፉ በአበባ ከተዘጋ፣ አጭሩ ነውና መቀሱን ወደ ቦታው መልሱ። መለየት ካቃታችሁ ጠብቁ። ዘግይቶ የተገረዘ ቲማቲም ይካሳል፤ ያለ ቦታው የተቆረጠ አጭር ቲማቲም ግን አይካስም።

መግረዝ ታዲያ ምን ይሰጣል? በየአገሩ የተደረጉ የመስክ ሙከራዎች ቁጥራቸው ቢለያይም አቅጣጫቸው ይመሳሰላል። ረጅሙ ቲማቲም በአንድ ወይም በሁለት ግንድ ሲያዝ ፍሬው ይተልቃል፣ የመጀመሪያው ለቀማ ይፈጥናል፣ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። በአንጻሩ ከአንድ ተክል የሚገኘው የፍሬ ብዛት ይቀንሳል። ለገበያ የሚያመርት ሰው ይህን የሚያካክሰው አቀራርቦ በመትከል ነው፤ አንዱ ተክል የሚያጎድለውን በተጨመረው ተክል ይሞላዋል። አራት ችግኝ ብቻ ተክሎ፣ ለእያንዳንዱ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ ሁሉንም እስከ አንድ ግንድ የሚገርዝ የጓሮ አትክልተኛ ግን ጉዳቱን ተቀብሎ ጥቅሙን ትቶታል። ደግሞስ የፍሬው ትልቅነት ለማን ነው? ለሰላጣ ያምር ይሆናል። ለቁሌት የሚከተፍ ቲማቲም ግን ቁም ነገሩ ኪሎው ነው። ቼሪ ቲማቲምማ ፍሬው እንዲተልቅ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ፣ ከተጨናነቀ ማሳሳት እንጂ በጥብቅ መግረዝ ድካም ነው።

በእኔ ሚዛን ለጓሮ የሚሻለው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ግንድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ አንድ ቀንበጥ ብቅ ይላል። ቅጠልን ከቀንበጥ ለመለየት ጫፉን ማየት ይበቃል፤ ቀንበጡ የራሱ ለጋ ጫፍና የራሱ ትንንሽ ቅጠሎች አሉት፣ ቆይቶም የራሱን አበባ ያወጣል። ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ወዲያው በታች የሚወጣው ቀንበጥ ከሁሉ ይበረታል፤ ሁለተኛ ግንድ የሚሆነው እሱ ነውና ተዉት። ከሱ በታች ያሉትን አንሡ። ከሱ በላይ የሚመጡትን በየሳምንቱ እያያችሁ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጡ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ወደ ጎን ማጠፍ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ካመለጣችሁና የእርሳስ ውፍረት ካገኘ በኋላ በእጅ መገንጠል የግንዱን ልጥ ይዞ ይመጣልና ያኔ ስለት ያስፈልጋል። ሌላም መላ አለ፤ ሁለት ቅጠል አስቀርቶ የቀንበጡን ጫፍ ብቻ መቁረጥ። አሜሪካኖቹ የሚዙሪ አገራረዝ የሚሉት ይኸ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ የቀሩት ሁለት ቅጠሎችም ለፍሬው ጥላ ይሆናሉ። ጊዜው ጠዋት፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው፤ ቁስሉ እስኪመሽ ይደርቃል። ደመና ሲያንዣብብ አይገረዝም።

ሥራው ሲያልቅ ጣቶቻችሁ ጥቁር አረንጓዴ በሆነ ሙጫ መሳይ ነገር ይለበጣሉ፤ በሳሙና ስትታጠቡ አረፋው ቢጫ ይወጣል። ግንዱንና ቅጠሉን ከሸፈኑት ጥቃቅን ጸጉሮች የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ተክሉ ጥቃቅን ነፍሳትን የሚከላከልበት። ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅምና ነጭ ለብሶ ቲማቲም መሀል መግባት አይመከርም።

የተቀነጠሰውን ሁሉ ግን ወደ ኮምፖስቱ አትወርውሩ። 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የደረሰ ጤነኛ ቀንበጥ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ቢቀመጥ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢተከልም ይይዛል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የዲቃላ ዘር ውድ ነው፤ ከዲቃላው ፍሬ የተለቀመ ዘር ደግሞ እናቱን መስሎ አይወጣም። ቀንበጡ ግን ቁርጥ እናቱን ነው። አንድ ጥሩ ችግኝ የገዛ ሰው በዚህ መንገድ ሦስትና አራት ማድረግ ይችላል። እናትየው ቅጠሏ የተዥጎረጎረ ወይም የተጨማደደ ከሆነ ግን አይወሰድም፤ በሽታውን አብራችሁ ታባዛላችሁ።

ቅጠልን በተመለከተ ሰዉ ያበዛዋል። «ፀሐይ ይግባለት፣ ቶሎ ይቅላ» ተብሎ ተክሉ ራቁቱን ሲቀር አይተናል። ቲማቲም የሚቀላው በአየሩ ሙቀት እንጂ ፍሬው ላይ በሚያርፍ ፀሐይ አይደለም። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በደንብ የሚሠራው በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከል ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ30 ሲያልፍ ይገታል። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ይፋጃል፤ ቅጠል ያጣ አረንጓዴ ፍሬ በፀሐዩ በኩል ያለው ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻም ይሻግታል። በዚያ ላይ ፍሬው ስኳሩን የሚያገኘው በብዛት አጠገቡ ካሉት ቅጠሎች ነው። የሚነሡት አፈር የሚነኩት፣ ቢጫ የሆኑትና ፍሬው መቅላት ከጀመረው ዘለላ በታች ያሉት ናቸው፤ እነሱም በአንድ ቀን ከሁለት ሦስት ሳይበልጡ።

አፈር የሚነኩትን ማንሣት ግን ግዴታ ነው። በአፈር ውስጥና በአሮጌ ቅጠል ላይ የተቀመጠ የበሽታ ዘር በዝናብ ጠብታ ወይም በውሃ ማጠጫ ፍንጣቂ ወደ ታችኞቹ ቅጠሎች ይዘላል። ክብ ክብ ቀለበት ያለበት ቡናማ ነጠብጣብ መጀመሪያ የሚታየው እታች የሆነው ለዚህ ነው። እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ግንዱን አራቁቶ ሥሩን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

የክረምቱ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ሌት ብላይት የሚባለው፣ ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠፋው በሽታ በብርድና በእርጥበት ይነግሣል፤ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው እሱ ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ግራጫ ሽፋን ከታየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተክሉ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። መግረዝና ማቆም አየር ያስገባል፣ ቅጠሉም ቶሎ ይደርቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ይህ ብቻውን አያድንም። በደጋ ከተማ በክረምት ቲማቲም ካሰኛችሁ ከላይ የፕላስቲክ ጣሪያ አድርጉ፣ ጎኑን ክፍት ተዉት። ጣሪያ ካልቻላችሁ ከዝናቡ ጋር አትጋፉ፤ ጎመንና ቆስጣ ተክላችሁ ቲማቲሙን ዝናቡ ሲወጣ ጀምሩ።

የገራዡ እጅም በሽታ ያመላልሳል። የትምባሆ ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስና ዘመዶቹ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው የሚሻገሩት በጣትና በመቀስ ነው፤ ከሲጋራም ሊነሣ ስለሚችል የሚያጨስ ሰው እጁን ሳይታጠብ ቲማቲም መንካት የለበትም። ወተት የቫይረሱን መተላለፍ እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል፤ በውጭ አገር መስታወት ቤቶች ሠራተኞች ጣታቸውን በተሟሟ የዱቄት ወተት ውስጥ እየነከሩ ይሠራሉ። እኛ ቤት ወተቱን ለልጆች ትተን በሳሙና ብንታጠብና ተጠርጣሪውን ተክል መጨረሻ ላይ ብንነካው ይበቃል። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት ግን በመታጠብ አትመለስም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን የገባችው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኢትዮጵያ የደረሰችው ይህች ተባይ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል እየበላች ነጣ ያለ ጉድጓድ ትሠራለች፤ ፍሬውንም ትበሳለች። የተገረዘና የቆመ ተክል ላይ ቶሎ ትታያለች። የተበላውን ቅጠል ቆርጦ መሬት ላይ መጣል ትርጉም የለውም፤ ላስቲክ ውስጥ አሥሮ ፀሐይ ላይ ማቆየት ወይም ማቃጠል ነው።

ወደ ድጋፉ ስንመጣ ክርክሩ ይቀንሳል። በበጋ፣ በመስኖ፣ በደረቅ አፈር የሚያመርት ገበሬ አጭሩን ቲማቲም መሬት ላይ ቢተወው ያዋጣዋል፤ እንጨቱና ጉልበቱ ወጪ ነው። በጓሮ ግን አጭሩም ረጅሙም መደገፍ አለበት። መሬት የነካ ፍሬ ይበሰብሳል፤ የቀረውን ቀንድ አውጣና አይጥ ይካፈሉታል፤ ዶሮ ካለች የመቅላቱን ቀን ከባለቤቱ ቀድማ ታውቃለች።

ለረጅሙ አንድ ጠንካራ ችካል ይበቃዋል። 2 ሜትር ገደማ ሆኖ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትሩ መሬት የገባ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከግንዱ አንድ ጋት ያህል ርቆ የቆመ። ዋናው ነገር ችግኙ በሚተከልበት ቀን መትከል ነው፤ ከወር በኋላ የሚመታ ችካል ሥሩን እየበጠሰ ይገባል። የባሕር ዛፍ ማገር በከተማ በቀላሉ ይገኛል፤ ሸምበቆና ቀርከሃ ይቀላሉ፣ ነገር ግን ቀጭኑ ሸምበቆ ፍሬ ሲከብድ ይጎብጣል። ምስጥ ባለበት ቆላ እንጨት አንድ ወቅት ቢቆይ ነው፤ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ለዓመታት ይገለገልበታል። የማገርና የአጣና ዋጋ በጨመረ ቁጥር ይኼ ሂሳብ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው፤ ለ10 ኪሎ ቲማቲም የቲማቲሙን ያህል ዋጋ በእንጨት ማውጣት አይገባም።

ማሠሪያው ሰፋ ያለና ለስላሳ ይሁን። የአሮጌ ቲሸርት ቅዳጅ ከሁሉ ይሻላል፤ ሲባጎም ይሠራል፤ ሽቦና ቀጭን የጆንያ ክር ግን ግንዱ ሲወፍር ይቆርጡታል። ማሠሪያውን መጀመሪያ ችካሉ ላይ አጥብቆ ማሠር፣ ከዚያ አጣምሮ ግንዱን ልል አድርጎ ማቀፍ ነው፤ በቀለበቱና በግንዱ መካከል ጣት መግባት አለበት። የሚታሠረው ከቅጠል በታች ነው፣ ከአበባ ዘለላ በታች አይደለም፤ ዘለላው ሲከብድ ማሠሪያው ላይ ወድቆ ይሰበራል።

በመደዳ ለተተከለ አጭር ቲማቲም ግን ለእያንዳንዱ ችካል ማባከን ነው። በፍሎሪዳ የመስክ አምራቾች ዘንድ የተለመደው ዘዴ ለጓሮም ይሆናል፦ በየሁለት ወይም በየሦስት ተክሉ አንድ እንጨት ይቆማል፤ ሲባጎው በአንድ ጎን ይሄድና በሌላው ጎን ተመልሶ ተክሎቹን በመሀል ያቅፋቸዋል። ተክሉ 20 ሴንቲ ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ዙር መድገም ነው። የዳርና ዳር እንጨቶች ክብደቱን ስለሚሸከሙ ወፍራም ይሁኑ፤ ወደ ውጭ በገመድ ቢወጠሩ ደግሞ የተሻለ ነው። እንጨት የሚቆጥብ፣ መግረዝም የማይጠይቅ በመሆኑ ለእኛ ሮማ ቪኤፍ ከዚህ የተስማማ ዘዴ አላየሁም። በክብ የተጠቀለለ የሽቦ መረብ ውስጥ ማሳደግም አለ፤ እጅ የሚያስገባ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የኮንክሪት መረብ ካገኛችሁ ተክሉን ሳትገርዙ ውስጡ ትተዉታላችሁ። ችግሩ ዋጋው ነው። ከጣሪያ በተወረወረ ገመድ ላይ ግንዱን እየጠመጠሙ ማውጣት ደግሞ የፕላስቲክ ቤት ላለው ብቻ ነው።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያለ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው፦ አጭር ዝርያ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ከሥሩ የተበሳ የቀለም ባልዲ፣ በአንድ ባልዲ አንድ ተክል፣ ድጋፉም የበረንዳው ብረት። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ በረንዳ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። በባልዲ ውስጥ ውሃው አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል፤ ይህ ተባይም በሽታም ሳይሆን ካልሲየም በእኩል ውሃ ታዝሎ ፍሬው ጋ አለመድረሱ ነው። ብዙዎች የእንቁላል ቅርፊት ይበትኑበታል፤ ቅርፊቱ ቶሎ አይሟሟምና ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም። ውሃውን በየቀኑ በልክ ማድረግ ይሻላል። በችካል ቆመው አጥብቀው የተገረዙ ተክሎችም ለዚህ ችግር ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ከመግረዝ ወጪዎች አንዱ ይኸ ነው።

የረጅሙን ጫፍ መቁረጥም ጊዜ አለው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ የሚተክሉ ወገኖቻችን ጥቅምት እ.ኤ.አ. ላይ ውርጭ ስለሚመጣባቸው ከወር በላይ ቀደም ብለው ከመጨረሻው ዘለላ በላይ ሁለት ቅጠል ትተው ጫፉን ይቆርጣሉ፤ ያሉት ፍሬዎች እንዲደርሱ። አዲስ አበባ ላይ ውርጭ ብርቅ ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ያኔ የሚፈካ አበባ አብዛኛው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጫፉን ቢቆርጡት ኪሳራ የለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ተመልሶ የሚያርፈው ፓኬቱ ላይ ነው። ዘር ለምትሸጡ፣ ችግኝ አፍልታችሁ ለምታከፋፍሉ፣ በየወረዳው የከተማ ግብርና ለምታስተምሩ፦ ከዝርያው ስም አጠገብ «አጭር፣ አይገረዝም» ወይም «ረጅም፣ በችካል የሚያዝ» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ጻፉልን። ዘር ገዢውም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ መልስ ያጣ እንደሆነ አጭር ነው ብሎ ይያዘውና መቀሱን አያንሣበት።